የሾላው ትምህርት ቤትና ሃያ አምስተኛው ልጅ

ከማስተማር ወደ ጉምሩክ ሥራ ከተዛወርሁ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እዚህ መተማ የተሰጠኝ ሥራ የሚያልፈውን ጭነት ዓይነት መጻፍ ነው፤ ሰሊጥ፣ ቆዳ፣ ሙጫ፣ ጨው። የመረጡኝ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ነገር ግን የአስተማሪነት ልማድ ቶሎ አይለቅም፤ አንድ መሥመር ጽፌ በጨረስሁ ቁጥር ፊቴ የቆመው ሰው ገብቶት እንደሆነ ቀና ብዬ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቆዳ ነጋዴ «ምን ታፈጥብኛለህ? ጻፍና ልሂድበት» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ያስተማርሁበትን ዘመን ሳልረሳው በቅደም ተከተል ልጽፈው አሰብሁ። አሁን በየቦታው ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ይባላል። እዚያ የሚያስተምሩ ወጣቶች ቢያነቡት አንዳንድ ነገር ያገኙበታል። እኔም ገና ወጣት ነኝ፤ ቢሆንም ከእነሱ ቀድሜ ተሳስቻለሁ።

ጣልያን ጎንደር ሲገባ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ለታናናሾቼ ንባብ አስተምር ነበር። ከብዙ ሰው ጋራ ወደ ቆላው ወረድሁ። የመጀመሪያ አለቃዬ ግራዝማች ተሰማ ነበሩ፤ ከሳንጃ በታች ያለውን አገር ይዘው ጣልያንን ያላስገቡ ሰው ናቸው። ደብዳቤ ጸሐፊያቸው ሆንሁ። ግራዝማች የጻፍሁትን አያነቡም፤ ማኅተሙ ቀጥ ብሎ ማረፉን ብቻ ይመለከታሉ። «የተጣመመ ማኅተም የፈሪ ነው» ይሉ ነበር። ደመወዜ እህል ነበር፤ እሱንም በጊዜው ስለሚሰጡኝ አላማርርም።

ስምንት ወር ያህል እንደ ሠራሁ ጋሼ ዘለቀ መጡ። ጋሼ ዘለቀ ከጣልያን በፊት በከተማ ትምህርት ቤት ሒሳብና የምድር ትምህርት ያስተምሩ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አንዲት በቅሎ ይዘው ነበር። በቅሎዋ ላይ ልብስ አልነበረም፤ ስምንት የሒሳብ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ግራዝማች ጭነቱን ሲያዩ ሳቁ።

«ዘለቀ፣ ሰው ጥይት ይዞ ሲሸሽ አንተ ይህን ይዘህ መጣህ?»

«ጥይቱን እርስዎ ይዘውታል ብዬ ነው፣ ግራዝማች።»

ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው ከዚህ ንግግር በኋላ ነው፤ እኔም የጋሼ ዘለቀ ረዳት አስተማሪ ሆንሁ። በትልቅ ሾላ ዛፍ ሥር ስለ ነበር ሕዝቡ የሾላው ትምህርት ቤት አለው። አቋሙን ላስረዳ። የሕዝብ ትምህርት ቤት ነበር፤ ማንም ለልጁ የሚከፍለው የለም። ዙሪያውን ያሉት ጎጦች ተስማምተው ለተማሪዎቹ ቀለብ ማሽላ በየወሩ ያመጣሉ። ክርስቲያኑ ገበሬም እስላሙ ነጋዴም ያመጣል፤ ልጅ የሌለውም ያመጣል። የሚገቡት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ማንበብና መጻፍ፣ አራቱንም የሒሳብ ክፍል አስቀድመው የሚያውቁ፣ ዕድሜያቸው ከዐሥራ አምስት ያላለፈ። ጋሼ ዘለቀ ሁለተኛ ደረጃ ይሉታል። ወንበር ሳይኖረው ሁለተኛ ደረጃ መባሉ መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር፤ ኋላ ግን ልጆቹ ሲሠሩ አይቼ ማፈሬን ተውሁ።

ቦታው ሃያ አራት ብቻ ነበር። ምክንያቱ መጻሕፍቱ ናቸው። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ይሰጣል፤ የመካከለኛው ይዞ ያነባል፣ የግራው ይጽፋል፣ የቀኙ ይጠይቃል። የጠያቂው ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያልገባው መስሎ «ለምን?» ማለት አለበት፤ ሦስት ጊዜ ሳይጠይቅ ገጹ አይገለጥም። በየቀኑ ቦታ ይለዋወጣሉ። የግራዝማች ዘመድ ልጅና የጫኝ ልጅ አንድ መጽሐፍ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ የጫኙ ልጅ ጠያቂ በሆነበት ቀን ያ የባላባት ልጅ ላብ በላብ ይሆናል።

ሰሌዳችን ሦስት ሳንቃ ገጥመን፣ ከሰልና የቅጠል ጭማቂ እየቀባን የሠራነው ነው። በወንዙ ዳር ከሚገኝ ነጭ አፈር ጠመኔ እናድቦለቡል ነበር። ተማሪዎቹ ደግሞ የእስላም ልጆች ቁርአን የሚማሩበትን ዓይነት የእንጨት ሰሌዳ ይይዛሉ፤ ታጥቦ ደጋግሞ ይጻፍበታል። ነጭ ልብስ ደጅ ማስጣት ክልክል ነበር፣ አውሮፕላን እንዳያየው። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ልጆቹ ሰሌዳቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛሉ። ሲያልፍ ተነሥተው ካቆሙበት መሥመር ይቀጥላሉ።

ትምህርት ቤቱን ያስከበረው ግን አንድ ሕግ ነው። የፈተናው ውጤት በሕዝብ ፊት በሾላው ሥር ይነበባል፤ ከተነበበ በኋላ አይነካም። በመጀመሪያው ዓመት የግራዝማች የገዛ ልጃቸው ወደቀ። ግራዝማች ጠመንጃ ከያዙ ሰዎቻቸው ጋራ ቆመው ነበር። ጋሼ ዘለቀ ዝርዝሩን አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «የተነበበ አይነካም፣ ግራዝማች» አሉ። ግራዝማች «ይሁን» ብለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የድኻው ሁሉ ልጅ ሊፈተን መጣ።

የጋሼ ዘለቀን ልማድም ልንገራችሁ፤ ከእሳቸው የተማርሁት ከመጽሐፍ ከተማርሁት ይበልጣልና። ልጅ መልስ ሲሳሳት «ስሕተት ነው» አይሉም። ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ከልጁ ዓይን ጋራ ያስተካክሉና «እንዴት ደረስህበት?» ይላሉ። ትክክል ሲመልስም እንዲሁ ይላሉ። ስለዚህ ልጁ ማግኘቱን ማጣቱን ከፊታቸው ማንበብ አይችልም፤ የሄደበትን መንገድ መናገር ግድ ይሆንበታል። ሁለተኛው ልማዳቸው የፈተና ሰሌዳ ሦስት ቀን ሳይሞላው እንዳይታጠብ መከልከል ነው። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን አድርጌ እቆጥረው ነበር። ሥርዓት እወዳለሁ። ጥያቄ፣ መልስ፣ ምልክት፤ እንዲህ ቢሆን ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል እል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ፈተና ሰሞን ጋሼ ዘለቀ በወባ ተኙ። «አንተ ፈትን» አሉኝ። ደስታዬን አልደብቅም። ዐሥር ጥያቄ አዘጋጀሁ፤ መልሶቹን በአንድ ወረቀት ላይ በሠንጠረዥ ጻፍሁ። ስድሳ የሚያህሉ ልጆች መጡ። እያንዳንዱ መልሱን ብቻ በሰሌዳው ይጽፋል፤ እኔ ከሠንጠረዤ ጋራ አመሳክሬ ምልክት አደርጋለሁ። ከቀትር በፊት ጨረስሁ። ዝርዝሩን በማግሥቱ ጧት በሕዝብ ፊት አነበብሁ። ማንም አላጉረመረመም።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ዘለቀ ጋቢ ተከናንበው ተነሡ። የተደረደሩትን ሰሌዳዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ የማን ነው?»

«የአደም። የሐጂ ሱሌማን ልጅ፣ የሰሊጥ ነጋዴው። ሃያ አምስተኛ ወጣ። በአንድ ጥያቄ ነው የቀረው፣ በስምንተኛው።»

«ስምንተኛውን አንብብልኝ።»

አነበብሁላቸው። አንድ ነጋዴ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ተነሣ። የሚሄድበት አገር አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል። በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ቢሄድ በስንት ሰዓት ይደርሳል?

«የአንተ መልስ?»

«ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ዐሥር ሰዓት ይሄዳል።»

«የልጁስ?»

«ከምሽቱ አምስት ሰዓት ብሏል። በስድስት ሰዓት ተሳስቷል።»

ጋሼ ዘለቀ ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አዞሩት። «እንዴት ደረስህበት ብለኸዋል?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ስድስት ሰዓት» አሉ ለራሳቸው። «እስኪ አሁን ደጁን እይ። ስንት ሰዓት ነው?»

ስድስት ሰዓት ግድም ነበር። በመንገዱ ላይ ሰው ቀርቶ ውሻ አይታይም። በዚህ ቆላ ከአራት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ነጋዴ ጭነቱን አውርዶ ጥላ ሥር ይተኛል፤ ግመሉም ይተኛል። ልጁ ዕረፍቱን ቆጥሮ ነበር። ከአንድ እስከ አራት ሦስት ሰዓት ይሄዳል፤ ስድስት ሰዓት ያርፋል፤ ከዐሥር ሰዓት ተነሥቶ የቀረውን ሰባት ሰዓት ሲሄድ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ይሆናል። አንድም ቁጥር አልሳተም። እኔ ራሴ በቀትር መንገድ ሄጄ አላውቅም። ሒሳብ ሲሆን ግን ሰው ሳይሆን ቁጥር የሚሄድ መሰለኝ።

«እንጨምረው፣ ጋሼ» አልሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ዝርዝሩ ተነቧል።»

«በሚመጣው ዓመት እንዳይፈተን ዕድሜው ያልፋል።»

«አውቃለሁ» አሉና ሰሌዳውን በቦታው መልሰው አስቀመጡት። «እኔና አንተ እዚህ ጎጆ ውስጥ ከጨመርነው ነገ ሌላውን ማን ከለከለን? ያነበብኸው በሕዝብ ፊት ነው። ቅዳሜ ሕዝቡ ፊት ትቆማለህ።»

ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለ ሆነ ሰው ሞልቶ ነበር። ተነሥቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። ግራዝማች ተሰማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አዳመጡና ወደ ጋሼ ዘለቀ ዞሩ።

«ዘለቀ፣ አምና የኔ ልጅ ሲወድቅ የተነበበ አይነካም ብለህ አልመለስኸኝም?»

«ብዬአለሁ።»

«ዘንድሮ የነጋዴ ልጅ ሲሆን ይነካል?»

«አምና የወደቀው ልጅዎ ነው፣ ግራዝማች። ዘንድሮ የወደቅነው እኛ ነን።»

ሕዝቡ ሳቀ። ከሴቶቹ መካከል እማማ ጥሩነሽ ተነሡ። እኚህ ሴት ባልቴት ናቸው፤ የጎጣቸውን ማሽላ ሁልጊዜ ራሳቸው እየነዱ የሚያመጡ።

«መምህር፣ አንተ ወደ ሳንጃ ስትሄድ መቼ ትነሣለህ?»

«ጎሕ ሲቀድ፣ እማማ።»

«ቀትር ላይስ?»

«ጥላ ፈልጌ እተኛለሁ።»

«ታዲያ በነጋዴው ምነው ጨከንህበት?»

በዚህ ጊዜ ግራዝማችም ሳቁ፤ ቢሆንም አልለቀቁም። «ደግ። መምህሩ ግን ለልጁ አስቦለት ይሆናል። ልጁ ዝም ብሎ ተሳስቶ እንደሆነስ? በስምንተኛው ቀን ልጁ ራሱ እዚህ ቆሞ እንዴት እንደ ደረሰበት ይናገር። ከተናገረ አንዱ መጽሐፍ ለአራት ይሁን፣ ሃያ አምስተኛ ይግባ። ካልመጣ የተነበበው ይጽና።» ሁሉም ተስማማ። እኔም ፍርዱ ትክክል መሰለኝ፤ ዛሬም ይመስለኛል።

ችግሩ ሐጂ ሱሌማን ልጃቸውን ይዘው ከግመሎቻቸው ጋራ በሱዳን በኩል ወዳለችው ወደ ገላባት መንገድ መጀመራቸው ነበር። በማግሥቱ ተነሣሁ። በጧትና በማታ እየሄድሁ በሦስተኛው ቀን ጓንግ ወንዝ ዳር ደረስሁባቸው። ጣልያን ያለበትን የመተማን ምሽግ በሩቁ ዞረው ለመሻገር ሌሎች ነጋዴዎችን ይጠብቁ ነበር። ሐጂ ሱሌማን ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን አልሳቁም። ውሃ አስጠጡኝና ነገሬን አስጨረሱኝ።

«እንግዲህ ልጁ ትክክል ነበር ነው የምትለኝ፣ ኡስታዝ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ወላሂ?»

«እውነት ነው።»

ዐሸዋውን በጣታቸው መጫር ጀመሩ። «ዝርዝሩ የተነበበ ዕለት ቤት ገብቶ ‹መምህሩ የቆላ መንገድ አያውቅም› አለኝ። ‹መምህር ያላወቀውን አንተ ከየት ታውቃለህ፣ ባለጌ› ብዬ መታሁት። በእናቱ ፊት። መትቼው አላውቅም ነበር።» ከዚያ ቀና አሉ። «ና ንገረው። እኔ ልነግረው አፌ አይችልም።»

አደም ግመል ያጠጣ ነበር። ቀጭን ነው፤ ጥርሱ መካከል ክፍተት አለው። አባቱ በሚሰሙበት፣ ጫኞቹ በሚሰሙበት መልሱ ትክክል እንደ ነበር፣ የተሳሳትሁት እኔ እንደ ሆንሁ ነገርሁት። ገመዱን አልለቀቀም።

«እንዴት እንደ ደረስህበት ብቻ መጥተህ ትናገራለህ» አልሁት። «ዛሬ ማታ ብንነሣ በቀኑ እንደርሳለን።»

«አሊና ባበክር ታመዋል» አለ። ሁለቱ ጫኞች ወባ ይዟቸው ጥላ ሥር ተኝተው ነበር። «እኔ ከሄድሁ ፊተኛዋን ግመል ማን ይመራታል?»

«አባትህ።»

«አባዬ ከኋላ ነው የሚሄደው። የምሽጉን መንገድ በጨለማ አያይም።»

ሐጂ ሱሌማን ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ሂድ። ግመሎቹን እዚሁ አቆያቸዋለሁ።»

«ሌሎቹ ሲሻገሩ ብቻችንን እንቀራለን፣ አባዬ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ጭነቱን ገላባት አድርሼ እስክመለስ ቀኑ ያልፋል?»

«ያልፋል።»

«እንግዲያስ አልመጣም።»

በቁጣ አላለውም። የግመሏን አንገት መታ መታ አድርጎ ወደ ውሃው መራት። ጫኞቹ ስለ ታመሙ ነው የቀረው? ወይስ ያላወቀ መምህር ዘንድ መማር አልፈልግም ብሎ? ወይስ በአባቱ እጅ የተመታበት ነገር እንደገና በሕዝብ ፊት እንዲነሣ አልወደደም? መጠየቅ ነበረብኝ። የጋሼ ዘለቀን ሁለት ቃል መናገር ብቻ ነበር። እኔ ግን አፍሬ፣ መልሱን ብቻ ይዤ ተመለስሁ። ከሠንጠረዡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህኛው ነው።

በስምንተኛው ቀን ሕዝቡ ተሰበሰበ። እኔ ተነሥቼ የአደምን መንገድ ሰዓት በሰዓት አስረዳሁ። ግራዝማች እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ጥሩ አስረዳህ። ልጁ የታለ?» አሉ። የሆነውን ተናገርሁ። እማማ ጥሩነሽ አንድ ሳምንት ይጨመር አሉ። ግራዝማች ጋሼ ዘለቀን አዩ፤ ጋሼ ዘለቀ ምንም አልተናገሩም። ግራዝማችም በቀስታ «የተነበበው ይጽና» አሉ። ደስ ብሏቸው አልነበረም።

ማታ ጋሼ ዘለቀን ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን እየጠረጉ «ቃሌን የሰጠሁት ለስምንት ቀን ነው። ልጁም ቃሉን ለጫኞቹ ሰጥቷል። እሱ ከጠበቀ እኔ ላፍርስ?» አሉኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ የሚቀጥለውን ቀን ትምህርት አዘጋጁ።

ከዚያ በኋላ አፈታተናችን ተለወጠ። ጥያቄ ከማውጣቴ በፊት ረቂቁን ይዤ ለፈተና የሚቀርብ ልጅ ወደሌለበት ጎጥ እወርዳለሁ፤ ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለሴቶቹ አነባለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ከዐሥር ጥያቄ ሁለቱ እዚያው ወደቁ። አንደኛው የቆላ ልጅ አይቶት ስለማያውቀው ስለ ውርጭ ነበር፤ እማማ ጥሩነሽ «ይህ ልጆቹን ለማስበርገግ ነው?» አሉኝ። ልጆቹም በሰሌዳው ጀርባ መንገዳቸውን በሁለት መሥመር እንዲጽፉ አደረግን። ሥራው በግማሽ ቀን አያልቅም፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሐጂ ሱሌማን ደግሞ የጎጣቸውን ማሽላ አንድም ወር አላስቀሩም። እኔን ሲያገኙኝ ስለ ሰሊጥና ስለ ዝናብ ያጫውቱኛል እንጂ ስለ ልጁ አያነሡም፤ እኔም አላነሣሁም።

ጎንደር ነፃ ስትወጣ ስምንቱ መጻሕፍት ወደ ጎንደር ተጫኑ። ሽፋናቸው ተገንጥሎ በፍየል ቆዳ ተሰፍቶ ነበር። ጋሼ ዘለቀ አብረው ሄዱ፤ ከልጆቹ ከዐሥር የማያንሱት ተከተሏቸው። እኔ ታምሜ ስለ ነበር ቀረሁ፤ ስድን የመተማው ቦታ ተሰጠኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሐጂ ሱሌማን በኬላው አለፉ። ሸምግለዋል። ሰሊጣቸውን ጻፍሁና እንደ ልማዴ ቀና ብዬ አየኋቸው። በዚህ ጊዜ ጠየቅሁ።

«አደም እንዴት ነው?»

«ገዳሪፍ ነው። የአጎቱን ሱቅ ይዟል። ሊያገባም ነው።»

«ያኔ ስለ ሆነው ነገር ያነሣል?»

ሐጂ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔን ይቅር ብሎኛል። አንድ ማታ ጠየቅሁት፣ ይቅር አለኝ። ስለ አንተ ግን አልጠየቅሁትም፣ ኡስታዝ። እሱን መጠየቅ ያንተ ነው።»

ትናንት የፈቃድ ማመልከቻ ጽፌ ለኬላው ሹም ሰጠሁ። ሹሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ገዳሪፍ ድረስ? ገና ወር ሳይሞላህ? ሰውየው ዘመድህ ነው?»

«አይደለም።»

«ተማሪህ ነበር?»

«መሆን ነበረበት» አልሁት።

ጥቂት አየኝና ብዕሩን አንሥቶ ፈረመ።